አባ በቅርቡ ይሰናበታችኋል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ይህን ቀን ላሳየኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ሱቁን ቀደም ብላችሁ ዘግታችሁ፣ ወንበር አሰባስባችሁ ስለ እኔ ለተቀመጣችሁም ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ንግግሬን ጽፌ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። እንዳያችሁት ገንዘብ ያዧ ልጃችን በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሰጠችኝ፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ገና እጄ ላይ ሲያርፍ ቀለለኝ። ወረቀቱን ስገልጠው፣ ጥጉ በፀሐይ የነጣ፣ ጠዋት ጠዋት አቧራውን የምጠርግለት የዕቃ ማሳያ መስታወታችን ካርቶን ነው። ባዶው!

«አይዞሽ ልጄ፣ ተይው» ብላትም ትክክለኛውን ልታመጣ ወደ ዕቃ ቤት ሮጣለች። እስክትመለስ ላውራችሁ።

ከየቤተሰቡ ለመጣችሁ እንግዶች ላስረዳ። ሱቃችን ልማድ አለው። አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ሰዓት በሌላ አገር ሲወጣ፣ አስመጪው ባዶ ካርቶኑን አስቀድሞ ይልክልናል። እኛም መስታወት ውስጥ አስቀምጠን «በቅርቡ ይገባል» ብለን እንለጥፍበታለን። ለጣፊው እኔ ነበርሁ። «አባ በቅርቡ» ያላችሁኝም ለዚሁ ነው።

አንድ ደንበኛ አይረሳኝም። ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ስልክ ላይ አቆይቶ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ ወንድሜ እዚያ በግማሽ ዋጋ ነው ይለኛል። ቀሪው ግማሽ የምንድን ነው?»

«የመንገዱ ይሆናል።»

«በምን መጣ? በሙሽራ መኪና?»

የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ብጠይቀው «ቀረጥ ነው» አለኝ። እሱን ዝናቡ ለምን ዘገየ ብትሉትም ቀረጥ ነው ይላችኋል። አትሳቁበት! ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «የምንዛሪ ጉዳይ ነው» አሉኝ። የአስመጪው ሰው «ገበያው ነው የሚወስነው» አለኝ። ገበያውን ራሱን ሄጄ ልጠይቅ ብል ቤቱን የሚያውቅ የለም። ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ማወቅ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነበርሁ።

ደግሞ እኔ እዚህ «አዲስ ገባ» ብዬ ስለጥፍ፣ እዚያ ያንኑ ዕቃ «ቅናሽ፣ ሊያልቅ ነው» ብለው ይለጥፉበታል አሉ። ታዲያ ዕቃው አዲስ ነው አሮጌ? ፀሐይም አንዱ አገር ቀድማ እንደምትወጣ ሰምቻለሁ። ግን ዘግይታ በደረሰችበት ዋጋ አትጨምርም።

ይህ ሁሉ የሱቅ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እጄ ላይ ያለው ካርቶን ግን የማንበቢያ መሣሪያ ካርቶን ነው፤ መጽሐፍ ሲያሳዩት ፊደሉን ለቅሞ በድምፅ የሚያነብ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓይኗ ደክሞ የጸሎት መጽሐፏን መግለጥ ትታ ነበር። እኔ ላንብብላት ስል፣ «አንተ ስታነብ እንቅልፌ ይመጣል፤ ማሽኑ ይሻለኛል» ትለኛለች። ማታ በሩን ስከፍት ሰላምታዋ አንድ ነበር።

«ገባ?»

«በቅርቡ።»

«ያንተ በቅርቡ እኮ ፀጉር ያሸብታል!»

አንድ ማታ ግን አልሳቀችም። «እዚያ ያሉት ሴቶች ገዝተውታል?» አለችኝ።

«ገዝተውታል።»

«ዓይናቸው ከእኔ ይብሳል?»

አላውቅም አልኋት። ዛሬም አላውቅም።

እሷ አለፈች። መሣሪያው ባለፈው ወር ገባ። «በቅርቡ ይገባል» የሚለውን ጽሑፍ ከካርቶኑ ላይ ያነሣሁት እኔው ነኝ።

እሱን ልትገዙልኝ እንዳዋጣችሁ አውቅ ነበር። ቀረጥ ባዩ ወንድማችን፣ ምስጢር መያዝ ቀረጥ የሚያስከፍል ይመስል፣ በማግሥቱ ነገረኝ። ስለዚህ ይኸው በዚህ ወረቀት ላይ «አክብራችሁኛል፤ ስጦታውን ግን አልወስድም» ብዬ ጽፌያለሁ። ለእሷ ያልደረሰ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። አምላኬንም ልቀበል ወይስ ልተው ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን ሰጥቶኝ እንደሆነም አልገባኝም። እምቢ ማለቴ ለእሷ ክብር ነው ወይስ ኩርፊያ? ኩርፊያ ከሆነስ ማንን ነው የማኮርፈው? እናንተን? ገበያውን? ወይስ... አፌን ልያዝ።

ግን ንገሩኝ እስቲ፤ አልወስድም ብሎ ጽፎ የመጣ ሰው፣ ካርቶኑ ባዶ ሆኖ እጁ ላይ ሲቀልል ለምን ይከፋዋል? ከፋኝ። እንደ ሕፃን ከፋኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይህን ወረቀት ማንበብ አቃተኝ።

ይኸው መጣች። «አባባ፣ ይቅርታ! ይሄኛው ነው!» ትላለች። ትንፋሽሽን ሰብስቢ ልጄ፤ ስህተትሽ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም።

ይከብዳል። እወስደዋለሁ። ዋጋው ለምን እንዲያ እንደሆነ፣ ለምን እንደዘገየ አልገባኝም፤ ግራ መጋባቴንም አብሬው ይዤ እሄዳለሁ። የጸሎት መጽሐፏ እንዳስቀመጠችው ነው፤ ከእሱ እጀምራለሁ። እንቅልፍ ከመጣብኝ ያው የእሷ ምርቃት ነው።

እናንተን ደግሞ አምላክ ዘመናችሁን ይባርክ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ይህ በር ደንበኛ አይጣ፤ እርስ በርሳችሁ አያለያያችሁ። የምትጠብቁት ሁሉ፣ «ገባ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቤት ሳለ ይግባላችሁ።

እኔን ዛሬ ማታ በሩን ስከፍት የሚጠይቀኝ የለም። ቢሆንም እመልሳለሁ።

«ገባ» እላታለሁ።