ድንጋይ ያልነካው ወፍጮ

«ማሚቴዬ፣ የዘንድሮው ጌሾ እንዴት ነው አንቺ? ከአዲሱ ገበያ ያመጣሁት ቅጠሉ ሁሉ እንጨት ሆነብኝ። ብርዱስ ብትይ! የእንጦጦ ነፋስ... በቃ፣ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጋቢሽ ግን ያምራል፤ በጤና ልበሺው።»

ወይዘሮ የሺ ይህን የሚሉት በቀጨኔ መድኃኔዓለም ማኅበር፣ ጎናቸው ለተቀመጡት ጎረቤታቸው ነው። ፊት ለፊት ከወንዶቹ መካከል መምህር ዓምሃ ጆሮውን ቀስሮ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ አቶ በዳሳን ሽማግሌ ልኮ የወይዘሮ የሺን ልጅ ብርነሽን ለትዳር ጠይቆ ነበር፤ እናትየውም «መልሱን በማኅበሩ ዕለት ትሰማላችሁ» ብለዋል። ምስኪን ዓምሃ አዲስ ከረባት አንቆ የመጣው ለዚሁ ነው፤ ጠላውንም አልቀመሰም።

«የኔማ ልጅ ስለሺ፣ ተመስገን፣ ምህንድስናውን ይዞታል። ድንጋይ ፈጭቶ፣ አጥቦ፣ ማዕድኑን ከአፈር መለየት ነው አሉ። አንድ አስተማሪ አሏቸው... ስማቸው ምን ያደርግልሻል? ሊቅ ናቸው! ባሕር ማዶ ተሻግረው የተማሩ።»

ዓምሃ ደረቱን ነፋ። ነገሩ በደህና ተጀመረ፣ አለ በልቡ።

«መንግሥት ለተማሪዎቹ ብሎ የድንጋይ ወፍጮ ከውጭ አስመጥቶላቸዋል። እሳቸውም ዕቃ ሲይዙ ለጉድ ነው! ነጭ ዳንቴል አልብሰው፣ አበባ አስቀምጠውበት... ድንጋይ እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ። አዎ፣ ድንጋይ! ይቧጨራላ። ዛሬ እንዲህ ዕቃ የሚያከብር ማን አለ?

«ታዲያ ልጆቹ በምን ይማራሉ አትዪኝም? በሥዕል ነዋ! ነገር በምሳሌ፣ ድንጋይ በጥቁር ሰሌዳ። እሳቸው ከደብተር ያነባሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ እሳቸውን ያስላቸዋል፣ አንዳንዱ ትጉህ ሳሉንም ይጽፋል። ፈተና ላይ ‹ወፍጮውን ሳሉ› ሲሏቸው አንዱ ዳንቴሉ ከነዘርፉ አልቀረውም! ሙሉ አገኘ። ስለሺ የኔ ችኩል ደግሞ፣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ውስጡን ሊያይ ሲል ተይዞ ከክፍል ተባረረ። ይበለው! ልጅ እንዲህ ነው የሚታነጸው... አይደለም እንዴ?»

ዓምሃ ከረባቱን ላላ አደረገ። ልጁ ቤት ገብቶ ሁሉን እንደሚያወራ እንዴት እስከ ዛሬ ሳያስበው ቀረ?

«ምርምራቸውማ አይነሣ! ወርቅ ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ስንት ዘመን አጠኑ፤ ሰሞኑን ተፈጸመ አሉ። ምን ተገኘ ብትዪ... ሌላ ጥናት እንደሚያስፈልግ ተገኘ። አትሳቂ እንጂ ማሚቴ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የእሳቸው እንቁላል ተቀምጦ ቢያስብስ ምን አለበት? ‹የተማረ ይግደለኝ› ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና። እሳቸው እጅ ብትወድቅ ግን እያጠኗት ዕድሜዋን በሰላም በጨረሰች!»

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ጠላው ትን አለው። ዓምሃ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሴትዮዋ ስለ ትምህርት ያውሩ፤ ስለ ብርነሽ ገና ምንም አላሉም።

«ልጅ ለማን ይዳራል ከተባለማ፣ እንዲህ ላለ ጨዋ ነበር። እኔን ያስፈራኝ የገዛ ልጄ ናት። ብርነሽን ታውቂያት የለ? እጇ አያርፍም! ባለፈው ሬዲዮናችን ቢበላሽ ፈታ ገጣጥማ አናገረችው። እንዲህ ያለችውን ባለጌ እሳቸው ቤት አስገብቼ... ዓይናቸው እያየ አንድ ነገር ሠርታ ብትገኝስ? ለሰው ማሰብ ነው እንጂ ደግ!

«ብቻ መጸለዬን አልተውም። መድኃኔዓለም ለእኒያ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ምርኩዝ ሳያስይዝ ለብርነሽ ሠርግ ያድርስልኝ፤ ከአቶ በዳሳ ጎን፣ ከሽማግሎቹ መካከል በክብር ያስቀምጥልኝ። መቼም አባቷ የለም... ሙሽሮቹ የእሳቸውን ጉልበት ስመው፣ እንደ አባት ይመርቁልኝ። አሜን በዪ እንጂ ማሚቴ! እናንተም ወንዶቹ አሜን በሉ፤ በምርቃት ዝም ይባላል እንዴ?»