የቲሸርቱ ቡድን

ከፓርኪንግ ወደ ኤርፖርት በሚወስደን የሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ያሉትን የማያውቃቸውን ትልቅ ሰው ቲሸርታቸውን እያየ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ የዚህ ኮሌጅ የድሮ ተማሪ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ጋርላንድ ከተማ ካለው አሮጌ ልብስ መሸጫ ነው የገዛሁት። ጥጡን ወድጄው።»

«ማለቴ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የድሮ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናቸው ስምና ዓመት ስለሆነ ነው።»

«እሱንማ ትናንት አወቅሁ። ላውንደሪ ቤት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቲሸርቴን አይቶ እንባው መጣ። በዚያ ዓመት ተጫዋች ነበርኩ፣ ሲዝኑን ታስታውሰዋለህ? አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ሰው እያለቀሰ አላውቅህም ይባላል? እንዴት ይረሳል፣ እናንተ ስትጫወቱ ሰፈሩ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር አልኩት።»

«ኦኬ፣ ከዚያስ?»

«ለካ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም! የገዛ ደጋፊያቸው ሲሰድባቸው ነው የከረመው።»

«ወይ ጉድ! ተቆጣ?»

«ምን ይቆጣል፣ አንቆ አቀፈኝ እንጂ። ለካስ ያጨበጨበልን ሰው ነበር አለ። ቅዳሜ የድሮ ጓደኞቹ እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። መጥተህ ለሁሉም ንገርልኝ ብሎኛል።»

«ሶ፣ ሊሄዱ ነው?»

«ቃል ገብቼ እንዴት ልቅር? ይልቅ እስቲ ንገረኝ፣ ይሄን ኳስ በእጅ ነው በእግር የሚጫወቱት?»

እኔም ከዚያው ሱቅ ለቀለሙ ብዬ በገዛሁት የኮሌጅ ቲሸርት ላይ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ሳብኩት።