የሞተ ንጉሥ ወታደሮች

በስደት ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከዲፕስሉት በተነሳው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ባለሱቅ ለጓደኛው ያወራል።

«በአንድ ዓመት አራት ንጉሥ ተፈራረቀ! የሮማውያን ታሪክ ነው፤ ልጄ ከመጽሐፏ አነበበችልኝ።»

«እሺ።»

«ንጉሡ ሞቷል። ድንበር ያለው ወታደር ግን በሕይወት ያለ መስሎት ይዋጋለታል። ወሬው በፈረስ ነዋ የሚመጣው! ምስኪን።»

«እሺ።»

«ወንድሜም አገር ቤት ድንበር ላይ ነው። ዛሬ ግን ተመስገን፣ ስልክ አለ። በል ስልኬን ስጠኝና ልደውልለት።»

«ቻርጅ ጨርሷል።»

«ከእጄ ስትወስደው ሙሉ ነበር'ኮ። ደሞ ሱቁን ለምን አዘጋኸኝ?»

«ሜይፌር ሰፈር ያሉት ያገራችን ሽማግሌዎች ይጠብቁሃል።»

«በሥራ ቀን? ምን አጥፍቼ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«ታዲያ የአንተን ስልክ ስጠኛ።»

«ቤት ረሳሁት።»

የራሴን ስልክ ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።