የጸሎት ሣጥኑና የሰው ገመና

እማማ ሣጥን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሩቅ ክሊኒክ ድረስ የሄዱት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። ሰፈራቸው ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም፤ አለ፣ ያውም ከደጃቸው። ግን እዚያ ካርድ የምታወጣው ሴት የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመን ናት፤ የመጡበት ጉዳይ ደግሞ ለሰው የሚነገር አልነበረም። ታዲያ ቁጥራቸው ተጠርቶ ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲገቡ የተቀበለቻቸው ነርስ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? በልጅነቷ መዝሙር ያስጠኗት፣ ዛሬም በየእሑዱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ልጅ።

«ውይ ልጄ! አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ የምትሠሪው?»

«ወር ሆነኝ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው ሕፃናት ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ሣጥን ቁልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ችግር ያለበት ሰው ችግሩን በወረቀት ጽፎ ይጨምራል፤ እሑድ ጠዋት እማማ ሣጥኑን ከፍተው መድረክ ላይ ከነስሙ ያነቡታል፤ ጉባኤውም አሜን ይላል። ጽሑፉ ካጠረባቸው ደግሞ ከራሳቸው ይጨምሩበታል፦ «እኅታችን የጻፈችው ወገቤን ብላ ነው፤ ነገሩ ግን ባሏ ነው።» ክፋት የላቸውም። እንዲያውም ከጸሐፊውም ከሰሚውም ቀድመው የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው።

ነርሷ በሩን ዘጋች፤ መጋረጃውንም ሳበች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምን ገጠመዎት?»

እማማ ሣጥን ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። «ስስልም ስስቅም ... ያው ሽንቴ ያመልጠኛል።»

«ብዙ እናቶችን ያጋጥማል፤ መፍትሔም አለው። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ከቤት ቀሩ?»

«እሱንስ ተዪው።» ሴትየዋ እፎይ አሉ፤ ይህን ቃል ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። «ብቻ ልጄ፣ አደራሽን፤ ይህ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ።»

«አይወጣም።» አለች ነርሷ። «እማማ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህንኑ በወረቀት ጽፈን ሣጥኑ ውስጥ ብንጨምረውስ? እሑድ ከነስምዎ ይነበብና ጉባኤው ይጸልይልዎት።»

እማማ ሣጥን ሣቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ሣቁ የሚያመጣባቸውን ፈርተው ጉልበታቸውን ገጠሙ።

«ትቀልጃለሽ? ሰው ምን ይለኛል? ከተቀመጥኩበት በተነሣሁ ቁጥር ወንበሩን ያዩታል እኮ!»

«ጉባኤው ይወድዎታል፤ ክፋት አያስብም።»

«መውደዱን ይውደደኝ፤ ግን ...»

አዛውንት ግን በአንድ ቃል አይረታም። እማማ ሣጥን ነጠላቸውን አስተካክለው ክርክራቸውን ጀመሩ።

«የእኔ ሌላ፣ የጸሎቱ ሌላ። እኛ ስናድግ ክርስቲያን ሸክሙን አይደብቅም ነበር። ሳይታወቅ እንዴት ይሸከሙለታል? ገመናዬ ገመናዬ ማለት የዛሬ ልጆች ኩራት ነው።»

«ሸክም መካፈልስ መልካም ነው እማማ። ግን ባለቤቱ ራሱ ሲያወርደው ነው እንጂ ከጀርባው ሲነጥቁትማ ሰውየው አብሮ ይወድቃል። እኔ የበሽተኛ ካርድ ይዤ መተላለፊያው ላይ ጮክ ብዬ ባነብ ማን ተመልሶ ይመጣል? በሽታውን ታቅፎ ቤቱ ይተኛል። ቤተ ክርስቲያንም ሐኪም ቤት ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ብዬ ነበር» አሉ በለሆሳስ።

«ዘመኑም ተለውጧል። ድሮ ያነበቡት ቃል ከግቢው አይወጣም ነበር። አሁን ገና አሜን ሳይባል በስልክ የጉባኤው ግሩፕ ላይ ነው፤ ማታ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ደውሎ «ምነው?» ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«እኔ በጸሎት ያባረርኩት ሰው አለ ትያለሽ?»

ይህን እንዳሉ እማማ ሣጥን ራሳቸው አንድ ሰው ትዝ አላቸው። ልብስ ሰፊዋ። ሠላሳ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ አብራቸው የተቀመጠች ጓደኛቸው ከቤተ ክርስቲያን ከቀረች አምስተኛ እሑዷ ነው። የጻፈችው «ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» ብላ ብቻ ነበር፤ የልጁን ስምና መጠጡን የጨመሩበት እሳቸው ናቸው።

«በእግዚአብሔር የተቀየመች መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በየሳምንቱ ስሟን እየጠራሁ መልሳት እላለሁ።»

«መድረክ ላይ?»

«መድረክ ላይ።»

ነርሷ የእጃቸውን ጀርባ ዳበሰችላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እማማ ሣጥን ሃያ ዓመት ሲያነቡ የገዛ ድምፃቸውን የሰሙት ያን ዕለት ነው።

ከአውቶቡስ እንደወረዱ ቤታቸው አልገቡም፤ በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዱ። ያለቀለት የተማሪ ዩኒፎርም በሩ ላይ ተሰቅሏል። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች፤ ቀና ብላ አየቻቸውና መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

«መጠጡን ስላወራሽው አይደለም የቀረሁት» አለች፣ ሳትጠየቅ። «እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን እሑድ ልጄ ከስንት ልመና በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሊመጣ እሺ ብሎኝ ነበር። ሸሚዙን ተኩሼለት ከኋላዬ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ የሰማው የገዛ ስሙን ነው። ዘወር ብሎ ሄደ፤ ሦስት ቀን ቤት አልገባም።»

እማማ ሣጥን ሊያስረዱ ፈልገው ነበር፤ ደግ አስቤ ነው ሊሉ። አላሉም።

«የመጣውን ልጅ ከደጃፍ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሊንበረከኩ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ከብብታቸው ደግፋ ያዘቻቸው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ጓደኛዋ ሲያለቅሱ እያየች ዝም ማለት አልሆነላትምና እሷም አለቀሰች።

በሚቀጥለው እሑድ እማማ ሣጥን መድረክ ላይ ወጥተው ሃያ ዓመት ያሳፈሩትን ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀታችሁን ቤቴ ዘግቼ እጸልይበትና አቃጥለዋለሁ። እንዲነበብለት የሚፈልግ «ይነበብ» ብሎ ይጻፍበት። ስልካችሁም የማንንም ችግር አያውራ። አሁን በዝምታ እንጸልይ፤ እግዚአብሔር እያንዳንዱን ያውቀዋል።»

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ዝምታው ከብዶት ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አምስትና ስድስት ወረቀት የነበረው ሣጥን አልዘጋ አለ። ጽፈው የማያውቁ ወንዶች ጻፉ። ሕመሟን የደበቀች አንዲት ወጣት ጽፋ፣ ራሷ ፈቅዳ በነርሷ በኩል በጊዜ ታከመች። የተኳረፉ ባልና ሚስት በየፊናቸው አንዱ ለሌላው ጸልዩልኝ ብለው ጻፉ፤ ይህን እማማ ሣጥን ብቻ ያውቃሉ፤ ለማንም አልተናገሩም። ሰው ምስጢሩን የሚሰጠው አደራው ሲከበር ካየ ነው። እማማም ታክመው ዳኑ፤ አሁን እንደልባቸው ይስቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ቦታዋ ላይ ተመልሳለች፤ ከጎኗ ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትተዋለች። አንድ እሑድ ጉባኤው በዝምታ ሲጸልይ የኋላው በር ተከፈተ። ድሮ ቢሆን እማማ ሣጥን ዘግይቶ የገባውን ሁሉ ቀና ብለው ያዩት ነበር። ያን ቀን ዓይናቸውን ጨፈኑ። የጫማ ኮቴ በቀስታ መጥቶ በአጠገባቸው አለፈ፤ አግዳሚያቸውም ከልብስ ሰፊዋ ጎን ሲጢጥ አለ። ጸለዩለት፤ ስሙን ግን በሹክሹክታ እንኳ አልጠሩም።