ከጓሮዬ የወጣችው ሳንቲም

ካካካ! ቆዩ፣ ስቄ ልጨርስ፤ ዋናው ገና ነው! እዚህ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፤ ብረት የሚፈልግ ማሽን ይዘው የድሮ ሳንቲም ማደን ነው ጨዋታቸው። ትናንት "ያርድሽን ልየው?" ሲሉኝ ጓጉቼ ጓሮዬ አስገባኋቸው። ማሽኑ ጢጥ ጢጥ አለ፤ ቆፈሩና አንዲት ጥቁር ሳንቲም አወጡ። "ከግቢሽ ስለወጣች ያንቺ ናት" ብለው ሲዘረጉልኝ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

"ኧረ በማርያም! እኛ አገር የተጣለ ሳንቲም አይነሳም፤ በሽተኛ በሽታውን አራግፎበት ይሆናል፤ ያነሳው ሰው ላይ ይጋባል!" አልኳቸው። ዓይኔ ግን መች እሺ ይለኛል! እጄን ከኋላዬ አጣምሬ "እስቲ ያገላብጡልኝ" አልኩ። የሴት ፊት አለባት፣ ስታምር!  እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እያሹ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ቤቴ ሳጥን ሙሉ አለኝ፤ ታዲያ ይህን የጉልበት ሕመም ያሸከመኝ የየትኛው ሰውዬ ሳንቲም ነው?"