ሰብለን የለካሁ ዕለት

(ልብስ ሰፊው አባባ ታደሰ ቂርቆስ በሚገኘው ቤታቸው ጎረቤታቸው ባለች አክስቷ ቤት ለምትኖረው ለኤደን ያጫወቱት። በስልኳ ከተቀዳው ላይ እንዳለ የተገለበጠ።)

ከፈትሽው? እየቀዳ ነው? እሺ። እንግዲህ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ መንገደኛ ሰው መርዶ አይነገረውም ነበር። ዘመዱ ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እሱ ስንቁን ቋጥሮ፣ ተስሞ፣ ተመርቆ ይሄዳል፣ ከሄደ በኋላ ነው የሚነገረው። እንዲህ ነበርን፣ አሁንም እንዲህ ነን።

ኤደን፦ አባባ፣ በዚህ ማለዳ የጠሩኝ ስለ መርዶ ሊያጫውቱኝ ነው እንዴ? እኔ ዛሬ ሻንጣ መግዛት አለብኝ፣ እሁድ እኮ በረራ ነው! የአባዬ ስልክ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አይነሳም፣ የእማዬም። ቅዳሜ ከቡታጅራ መጥቼ እሸኝሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ በቃ ጨነቀኝ።

ሻንጣው ይደርሳል። አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ "አባባ፣ ድምፅዎን ይዤ ነው ኮሪያ የምሄደው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጫውቱኝ" ያልሽኝ? ታዲያ ተቀመጪ። የዛሬውን ለማንም አጫውቼው አላውቅም። ዘነበች፣ አንቺም በር ላይ አትቁሚ፣ ግቢና ከወንድምሽ ልጅ አጠገብ ተቀመጪ። ግቢ ነው ያልኩሽ!

ካዛንቺስ ሳይፈርስ፣ ሱቄ እዚያ በነበረ ጊዜ፣ የእድራችን ዳኛ እኔ ነበርኩ። ዳኛ ሲባል ታዲያ ሰብሳቢ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ መርዶ ነጋሪውም እኔው ነኝ። በማለዳ አምስት ስድስት ሰው አስከትዬ የሰው በር የማንኳኳ እኔ። እና ሰፈሩ ሲፈራኝ! ሴቶቹ "ጋሼ ታደሰ በጠዋት ከመጣ አትክፈቱለት" ይሉ ነበር። ይስቃሉ ሲሉት፣ ግን ማታ ነው የሚስቁት፣ ጠዋት አይስቁም።

ታዲያ ከሱቄ ጀርባ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፣ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች። ልጅቷ ሰብለ ናት። ሰብለ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ሳለች ፊንላንድ የሚባል አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። አቤት ደስታዋ! እየሮጠች ሱቄ ትገባና "አባባ፣ እዚያ አገር ፀሐይ የማትወጣበት ወር አለ አሉ!" ትለኛለች። "ታዲያ ምኑ ነው ደስ የሚለው?" እላታለሁ። "ማየት ነዋ! በቃ ማየት!" እንዲህ ናት እንግዲህ። ልክ እንዳንቺ፣ ምድር አልበቃት ብሎ ነበር።

አስካለ ደግሞ ኩላሊቷን ታምማ፣ ሰሜን ሸዋ እህቷ ዘንድ ሄዳ ጸበል ገብታ ነበር። "ሁለት ሳምንት ተጠምቄ ልሸኝሽ እደርሳለሁ" ብላት ነው የሄደችው። እና አልደረሰችም። በሰባተኛው ቀን አረፈች፣ እዚያው ቀበሯት። ወንድሟ ግዛው ቀብሮ ሲመለስ ቤቱ እንኳ አልገባም፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ሱቅ። አቧራው ጫማው ላይ ነው።

"ጋሼ፣ አስካለ የለችም" አለኝ።

"ልጅቷስ?"

"አልሰማችም። በረራዋ በሳምንቱ ነው። ከነገርናት አትሄድም። ሰብለን አያውቋትም እንዴ ጋሼ? መሬት ላይ ተቀምጣ ትቀራለች፣ ዕድሉም ይቀራል። እህቴ የደከመችው ለዚህ ነው። እርስዎ ዝም ካሉ ሁሉም ዝም ይላል።"

እና እኔ ምን አልኩ? "ትሂድና እዚያ ትረዳ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ግዛው ለመነ እንጂ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ዕቅድ አወጣሁልሽ! የመጀመሪያ ፈተናዋን ትፈተን፣ ከዚያ እዚያ ያሉ አበሾች ተሰብስበው በማለዳ ይንገሯት፣ ብቻዋን እንዳትሆን። ሁሉም "እሰይ፣ ጥሩ ተናገሩ" አለኝ። ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ፣ እኔ ደደቡ።

ድንኳን አልተጣለ፣ ጥሩምባ አልተነፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በየደጁ ይቀመጣሉ፣ ሰብለ ከታች ብቅ ስትል ብድግ ይሉና ያቃኑታል። "ሰብልዬ፣ በረራው መቼ ነው?" "ሰብልዬ፣ ለእኛም ፈረንጅ ፈልጊልን እንጂ!" ይስቃሉ። ካለፈች በኋላ መልሰው ይዘቀዝቁታል። በዓይኔ ነው ያየሁት። "የእማዬ ስልክ አይሠራም" ስትላቸው ደግሞ "ጸበል ቦታ ስልክ ይከለከላል፣ አታውቂም እንዴ?" ይሏታል።

ኤደን፦ ኧረ በጌታ! አንድ ሰው እንኳን አልነገራትም?

አንድም። ሰው እንዲህ ሲተባበር በሕይወቴ አላየሁም። ለመንገድ ጥገና እንኳን እንዲያ ተባብረን አናውቅም።

ታዲያ ሦስት ቀን ሲቀራት ሱቄ መጣች። በእጇ ሱፍ ጨርቅ ይዛለች። ቀይ! እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ቀይ። "አባባ፣ ኮት ይስፉልኝ፣ በረዶው ውስጥ ከሩቅ እንድታይ" አለችኝ። እናቷ ከሞተች ገና አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ልብ በይ፣ ጥቁር ልትለብስ የሚገባት ልጅ ቀይ ይዛ ቆማለች። "ልጄ፣ ሌላ ቀለም አይሻልም? ቡኒ? ግራጫ?" አልኳት። "ኧረ አባባ፣ ያረጀሁ ይመስልዎታል እንዴ!" ብላ ሳቀች። ምን ልበላት? ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ለካኋት። ትከሻዋን ለካሁ። ደረቷን ለካሁ፣ ልቧ ሲመታ በእጄ ላይ ይሰማኛል። ሜትሩ አመለጠኝ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። "አረጁ እንዴ አባባ?" አለችኝ። "አርጅቻለሁ" አልኳት። ክንዷን ስለካ ታዲያ ምን አለችኝ መሰለሽ? "እማዬ ካልደረሰች ኮቱን ለብሼ ፎቶ እልክልዎታለሁ፣ ከጸበል ስትመለስ ያሳዩዋታል አይደል?"

"አሳያታለሁ" አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩላት።

ጥሩ አድርጌ ሰፋሁት። ገበሩን ድርብ አደረግሁት፣ ኮሌታውን ሁለቴ ፈትቼ ሰፋሁት፣ ዋጋም አልተቀበልኩም። በስፌት የምካስ መስሎኝ። እና ሰብለ ለብሳው ሄደች፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሸኛት፣ መኪናው ሲታጠፍ ሴቶቹ እዚያው አስፋልት ላይ ቁጭ ብለው እሪ አሉ። አምቀው የያዙትን።

ፎቶው የመጣው በአርባው ቀን ነው። ተዝካሯን እያወጣን፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን እንደጨረሱ፣ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው ሰብለ ናት። በረዶ ውስጥ ቆማለች፣ በቀይ ኮት፣ እጆቿን ዘርግታ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከሥሩ "ለእማዬ ያሳዩልኝ" ይላል። እኔ የእናቷን ንፍሮ በእጄ ይዤ ነው የማየው። ዳቦ ቆርሼ የምሰጠው ሰው ከፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያንኑ ፎቶ ፌስቡክ ላይም አውጥታው ኖሮ፣ አንዱ ሞኝ፣ የድሮ ክፍል ጓደኛዋ ነው፣ "እናትሽን ነፍስ ይማር፣ እንዲህ ስትስቂ በማየቴ ደስ ብሎኛል" ብሎ ጻፈባት። እሱ ክፉ አይደለም፣ የተረዳች መስሎት ነው። እና መርዶዋ ይሄ ሆነ። ብቻዋን፣ ሰው አገር፣ በረዶ ላይ ቆማ።

በማግሥቱ ደወለችልኝ። አላለቀሰችም።

"አባባ፣ ደረቴ ላይ ሜትር ጠምጥመው ሲለኩኝ ያውቁ ነበር?"

"ልጄ፣ እኛ እኮ ላንቺ ብለን…"

"ያውቁ ነበር ወይ ነው ያልኩዎት።"

"አውቅ ነበር።"

"ፎቶ እልካለሁ ስልዎትም ያውቁ ነበር።"

"አዎ ልጄ።"

ዘጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ትምህርቱን በመንፈቁ ተወችው። ይሰማሻል? ያ ሁሉ ውሸት ለትምህርቱ አልነበረም? ተወችው። እዚያው ሥራ ይዛለች ይላሉ፣ ደህና ናት ይላሉ፣ እዚህ ግን እግሯ አልረገጠም፣ የእናቷን መቃብር እንኳ አላየችውም። ኮቱን በመንገደኛ ላከችልኝ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፏል። ደብዳቤ የለውም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከእድሩ ዳኝነት ወረድኩ። ካዛንቺስ ሲፈርስ የስፌት መኪናዬን እንኳ ለሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት፣ ኮቱን ግን ይዤው መጣሁ። ቀና በይ፣ ያውልሽ፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው።

ኤደን፦ ይሄ ነው? እኔ እኮ ሁሌ የማን ነው እያልኩ…

የሰብለ ነው። እና ልጄ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ በየጠዋቱ ሳየው ለራሴ አንድ ነገር ምያለሁ።

ዘነበች፦ ጋሼ ታደሰ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ! እሁድ ትሂድና…

ዝም በይ ዘነበች! ትናንት ከባልሽ ጋር መጥታችሁ የለመናችሁኝን ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ግዛው ያለውን ነው ያላችሁኝ። እናንተ ክፉዎች አይደላችሁም፣ እኔም ክፉ አልነበርኩም። ግን ሁለተኛ ልጅ አልለካም።

ኤደን፦ ምንድን ነው የሚሉት? አክስቴ፣ ለምንድን ነው የምታለቅሺው? አባባ… አባባ፣ አባዬ ነው?

አዎ ልጄ። አባትሽ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አረፈ፣ ድንገት ነው፣ ልቡ ነው አሉ። ነይ፣ ያዢኝ። አልቅሺ፣ ጩኺ፣ ማንም አይከለክልሽም። እሁድ መሄድና አለመሄድ ያንቺ ነው፣ ብትሄጂም ብትቀሪም አልፈርድብሽም፣ መፍረድ ትቻለሁ። ቀብሩ ግን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቡታጅራ ነው። እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው። አሁን ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው ልጄ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ትደርሺያለሽ።