የውሰት አባት

ወደ ዳባት የሚመልሰኝን ሚኒባስ ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ ስጠብቅ ነው ድንገት ያገኘኋቸው። አቶ ደምለው በአንድ እጃቸው የበቅሎ ልጓም፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ ተራራው ላይ ጊች መንደር ተመድቤ ሳስተምር ቤታቸው ያስጠጉኝ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ይመኙሻልንም ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ እዚሁ ደባርቅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። በበቅሎዋ ላይ ድስቷና የተጠቀለለ ፍራሿ ተጭነው ሳይ ነገሩ አላማረኝም።

«ጋሼ ደምለው፣ ምነው በደኅና?»

«ምን ደኅና አለ መምህር! ልጄ በቁሜ ቀብራኝ፣ ሌላ አባት ተውሳ አገኘኋት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ስንቅ ላደርስላት መጥቼ፣ መምህሮቿንም እግረ መንገዴን ሰላም ልበል ብዬ ትምህርት ቤት ብገባ፣ ‹አባቷ ትናንት መጥተው ገሥጸዋት ሄደዋል፤ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?› አሉኝ። እኔ ጊች ገብሴን ስወቃ፣ እዚህ አባት ሆኖ የሚቆም ሰው አለ ማለት ነው? በቃ፣ ትምህርቱ ይቅርባት። አገሯ ገብታ ትዳር ትያዝ።»

ነገሩ ገባኝ። ተማሪ ሲያጠፋ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ይባላል። ወላጅ ያለው ተራራ ላይ ነው፤ ቢመጣም ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጆቹ አንዱን መንገደኛ ለምነው «አጎቴ ነው፣ አባቴ ነው» ብለው ያቀርባሉ። መምህራን ይህን እናውቃለን፤ እያወቅን ዝም እንላለን። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

«ጋሼ፣ ለምን እንደ ጠሯት ጠይቀዋታል?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት? አጥፍታ ነዋ! በእኛ ጊዜ ልጅ አባቱን ቀና ብሎ አያይም ነበር።»

«በዚህ ዕድሜ ገላም ሐሳብም ይለወጣል። ልጅ ያፍራል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ይደብቃል። ይህ ጥጋብ አይደለም።»

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው። ልጅ የሚታረመው በፍርሃት ነው። ብትፈራኝ ኖሮ ይህን ትደፍር ነበር?»

«ስለፈራችዎ ነው እንጂ ያደረገችው!» አልኩ፤ ሽማግሌ ላይ መጮኼ እስካሁን ቢከነክነኝም ሐሳቤን ግን አልለውጥም። «እዚሁ ይጠይቋት። ካልረኩ ይውሰዷት፤ እኔም አፌን እይዛለሁ።»

አቶ ደምለው ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ እንዳዞሩ፣ «አንች፣ ለምን ጠሩሽ?» አሏት።

«ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው፣ አባየ።»

«ምን ሆነሽ?»

«የአከራያችን ወንድም እየሰከረ በራችንን ይደበድባል። ገፍቶ እንዳይገባ ተራ ገብተን ነቅተን ነው የምናድር።»

የአቶ ደምለው ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ ለኔ አትነግሪኝም?»

«ብነግርዎ ከትምህርት ያስወጡኛል ብዬ። ይኸው፣ ሳልነግርዎም ሊያስወጡኝ ነው።»

ሽማግሌው ግራ የገባው ሰው እንደሚያደርገው ወደ ሌላ ነገር ዞሩ። «መምህሩስ የማያውቀውን ሰው እንዴት አባቷ ነው ብሎ አመነ?»

«ሰውየውን እኔ ነኝ የመከርኳቸው» አለች ይመኙሻል፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «‹ሲገቡ በጥፊ ይበሉኝ› አልኳቸው። ሲመቱኝ ጊዜ መምህሩ አመነ።»

አቶ ደምለው ክንዷን ለቀቁ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «እኔም በሷ ዘንድ የምታወቀው በዚህ ነው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። አለቀሱ። እኔም አዘንኩ፤ ከሐዘኔ ይልቅ ግን ንዴቴ በረታ። ሚኒባሴን ትቼ ሁላችንም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን።

ሥርዓት የሚያስከብረው ዩኒት ሊደር መምህር ያለው ይባላል። አቶ ደምለው ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው የሰሙትን በእርጋታ አስረዱት። መምህሩ እኒህን ለስላሳ ሰው በጥርጣሬ አያቸውና፣ «ይቅርታ፣ አባትነትዎን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘዋል?» አለ።

«ትናንት የመታትን ያለ መታወቂያ አመኑት!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ። «ዛሬ የሚያዳምጣትን መታወቂያ ይሉታል? ለመሆኑ ለምን እንደምትተኛ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ተማሪው ብዙ ነው፤ ማንን ጠይቄ እዘልቃለሁ?»

«‹ወላጅ ይዘሽ ነይ› ለማለት ግን ጊዜ አላጡም።»

መምህር ያለው ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ኮቱን አንሥቶ ከእኛ ጋር ወደ ኪራይ ቤቱ መጣ። በዚያው ቀን የሦስቱም ልጆች ዕቃ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት የሚባሉ መበለት ግቢ ገባ፤ የሰካራሙም ነገር ለፖሊስ ተነገረ። በበቅሎዋ ላይ የነበረው ፍራሽ ወደ ጊች አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ወላጅ ከመጠራቱ በፊት ልጁ ለብቻው ይጠየቃል። መምህራኑም ከገጠር የመጡትን ተማሪዎች ማደሪያ እየዞሩ ያያሉ። የተኛ ሁሉ ሰነፍ፣ የተቆጣ ሁሉ ባለጌ አለመሆኑን አይተውበታል፤ ትምህርት የሚያቋርጠውም ቀንሷል። አቶ ደምለውም ስንቁን አውርደው ወዲያው መመለሱን ትተው፣ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ይመክራሉ። ይመኙሻልም እንቅልፏን ጠግባ እየተኛች ትምህርቷን ያዘች። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን መጠየቅ ያቃተን ትልልቆቹ መሆናችን ዛሬም ያናድደኛል።

ሰኔ ላይ ለወላጆች በዓል ተጋብዤ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው አቶ ደምለውን አስቁሞ፣ «አባት፣ እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?» አላቸው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ይመኙሻል ከሰልፉ መሐል ወጥታ እየሮጠች፣ «የኔ ናቸው! የኔ አባት ናቸው!» አለች።